ልጁ ሲያለቅስ «እሺ» የምንለው ለማን ብለን ነው?

በረመዳን ከመግሪብ በፊት ያለችው ግማሽ ሰዓት በየቤታችን እንዴት እንደምታልፍ ለዚህ ገጽ አንባቢያን መንገር አያስፈልግም። ሳምቡሳው ዘይት ውስጥ ነው፤ ሾርባው ሊገነፍል ደርሷል፤ ቴምሩ ገና አልታጠበም። አንዱ ውሃ ይቀዳል፣ ሌላው ሰዓት ያያል፣ ሌላው ምንጣፍ ያነጥፋል። ከትንሹ ሰው በስተቀር የቤቱ ሰው ሁሉ ጾመኛ ነው። ትንሹ ሰው ደግሞ የሚፈልገውን ነገር የሚያስታውሰው ልክ በዚያች ሰዓት ነው።

በእኛ ቤት የሚፈለገው ሞባይል ስልክ ነው። ልጃችን ስድስተኛ ዓመቱን ይዟል። ረመዳን በገባ በአራተኛው ቀን፣ ዘመድ ሁሉ ለኢፍጣር ተሰብስቦ ሳለ ስልክ ጠየቀ። «አሁን ልናፈጥር ነው፣ አይሆንም» አልነው። ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመው፤ እኛም ደገምነው። ከዚያ መሬት ላይ ተንከባለለ፤ እግሩ የትሪውን ጠርዝ መታና ሁለት ሳህን ሾርባ ምንጣፉ ላይ ተገለበጠ። አያቱ አላስቻላቸውም። «ኧረ በአላህ ስጡት! በጾም አፋችሁ ልጅ ታስለቅሳላችሁ?» አሉ። ሰጠነው። ለቅሶው ቧንቧ እንደተዘጋ ቀጥ አለ። አዛን ተባለ፤ ቴምር ቀመስን፤ ምንጣፉ ተወለወለ፤ ቤቱ ሰላም ሆነ።

ያ ሰላም ግን ማታ ከተራዊህ ስንመለስ እንቅልፍ ነሳን። አልጋችን ላይ ሆነን በአራቱ ቀናት ውስጥ ለልጃችን ስንት ጊዜ «አይሆንም» እንዳልነው ቆጠርን፤ ብዙ ነበር። ከዚያ «አይሆንም» ብለን እዚያው የጸናንባቸውን ለመቁጠር ሞከርን። አንድም አላገኘንም። አንዳችን «ባለፈው ዓመት እኮ ትንሽ ማልቀስ ብቻ ይበቃው ነበር» አልን። እውነት ነው። አምና ማኩረፍ ይበቃው ነበር፤ ከዚያ መጮህ አስፈለገ፤ ዘንድሮ መሬት ላይ መንከባለል። ዋጋውን በየጊዜው ከፍ እያደረግን ያስለመድነው እኛ ነን።

ነገሩ ከቤት ወጥቶም ነበር። ከረመዳን በፊት የመድረሳው ኡስታዝ በትህትና ጠርተው አነጋግረውናል። ልጁ ጎበዝ ነው፣ ሐርፎቹን ከእኩዮቹ ቀድሞ ይለያል፤ ነገር ግን ሌላ ልጅ ቀድሞት ሲቀራ መታገስ አይችልም፤ ሲታረም ደብተሩን ዘግቶ ያለቅሳል። ኡስታዙ ቅሬታ እያቀረቡ አልነበረም። «ለእሱ ነው የማዝነው» ነው ያሉን። በሰፈርም የእሱ ኳስ ካልሆነች በቀር ልጆቹ ለጨዋታ መጥራት ትተዋል። ሲሸነፍ ስለሚማታ ነው። በር ላይ ቆሞ ሲያያቸው አይተነዋል፤ ያን ጊዜም ያደረግነው ምን እንደሆነ ብንናገር አያስገርምም። አስገብተን ስልክ ሰጠነው።

ሰው ይህን ሲሰማ «አቅብጣችሁት ነው» ይላል። ልክ ነው፤ ግን ማቅበጥ የሚለው ቃል ብዙ ነገር ይሸፍናል። አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ዳያና ባውምሪንድ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ስታጠና ቆይታ እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተመችው ጽሑፍ የወላጆችን አያያዝ በሦስት ከፍላው ነበር። አንደኛው ትእዛዝ ብቻ ያለበት፣ ለምን ተብሎ የማይጠየቅበት ቤት ነው። ሁለተኛው ሕግ ያለው፣ ግን ምክንያቱ የሚነገርበትና ልጁም የሚደመጥበት ነው። ሦስተኛው ልጁ የፈለገውን የሚያደርግበት፣ ወላጅ ከመቆጣጠር ይልቅ ማስደሰትን የመረጠበት ልል አያያዝ ነው። በ1983 ኤሊኖር ማኮቢና ጆን ማርቲን የተባሉ ተመራማሪዎች ይህን ሦስተኛውን ለሁለት ለዩት። ልልነቱ ከፍቅር ብዛት የመጣበት ወላጅ አለ፤ ልጁን ጭራሽ ስለረሳውም ልል የሆነ ወላጅ አለ። እኛ እዚህ የምናወራው ስለ መጀመሪያው ነው። ፍቅሩ ሞልቶ «አይሆንም» የጠፋበት ቤት፤ ማለትም የእኛ ቤት፣ ምናልባትም የእናንተ።

በኦሪገን ግዛት ቤተሰቦችን በየቤታቸው እየተገኘ ለዓመታት ያጠና ጄራልድ ፓተርሰን የሚባል ሌላ ተመራማሪ ነበር። እሱ ያስተዋለውን ስናነብ በዚያች ምንጣፍ ላይ የፈሰሰውን ሾርባ ያየ ነው የመሰለን። ልጁ ይጮኻል፤ ወላጅ ይሰጣል፤ ጩኸቱ ይቆማል። በዚህች አጭር ጊዜ ውስጥ ሁለት ሰው ተምሯል። ልጁ መጮህ እንደሚሠራ ተምሯል። ወላጁም መስጠት ጸጥታ እንደሚያመጣ ተምሯል። በማግስቱ ልጁ ቶሎ ይጮኻል፣ ወላጁም ቶሎ ይሰጣል። ሁለቱም ክፉ አይደሉም። እያንዳንዳቸው ትናንት የሠራላቸውን ነገር ዛሬ ደገሙት፤ ሌላ ምንም አልተፈጠረም። ግን ከዓመት በኋላ የቤቱ ሰው ሁሉ የአንድ ሕጻን ቁጣ እንዳይነሳ በጣቱ ጫፍ የሚሄድ ይሆናል።

ታዲያ ልጁ የሚጎዳው ምኑ ላይ ነው? የፈለገውን አግኝቶ የለም ወይ?

ሕጻን ልጅ ቁጣውን ራሱ ማብረድ ችሎ አይወለድም። ጡት የሚጠባ ልጅ ሲያለቅስ የሚያረጋጋው የእናቱ ትከሻና ድምፅ ነው፤ እርጋታውን ከእሷ ይበደራል። እያደገ ሲሄድ ብድሩ እየቀነሰ የራሱ አቅም እየጨመረ ይመጣል። ስሜትን የሚገራው፣ «ቆይ፣ ጠብቅ» የሚለው የአንጎል ክፍል ከግንባራችን ጀርባ ያለው ነው፤ ከሌላው ሁሉ ዘግይቶ፣ ከሃያ ዓመት ዕድሜም አልፎ የሚበስል ነው። ይህ ክፍል በምክር ብቻ አይሠለጥንም። ልጁ አንድ ነገር ፈልጎ ሲከለከል፣ ሲናደድ፣ ንዴቱ ከፍ ብሎ ሲወጣ፣ ከዚያ ደግሞ በራሱ ጊዜ ሲወርድ፣ ይህ ሁሉ ሲሆን እናቱም አባቱም እዚያው አጠገቡ እንዳሉ ሲያይ ነው የሚማረው። ንዴት እንደሚያልፍ የሚያውቀው አልፎ ስላየው ነው። እኛ ግን ንዴቱ ጫፍ ላይ ሲደርስ ስልኩን እንሰጠዋለን። ልጁ እሳቱ ሲነድ ብዙ ጊዜ አይቷል፤ ሲበርድ አንድም ቀን አላየም።

ስልክን በተመለከተ ይህ ግምት ብቻ አይደለም። በአሜሪካ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ3 እስከ 5 ዓመት ያሉ ልጆችን ለወራት ተከታትለው በ2022 መጨረሻ ባወጡት ጥናት፣ ልጅን ለማባበል ስልክና ታብሌት አዘውትሮ መስጠት በኋላ ከሚታይ የስሜት መፈንዳት ጋር የተያያዘ ሆኖ አግኝተውታል፤ በተለይ በወንዶች ልጆችና ቀድሞውንም ቶሎ በሚናደዱት ላይ። ማለትም እኛ ስልኩን አብዝተን ለምንሰጣቸው ለእነዚያው ልጆች። በኒውዚላንድ ዱነዲን ከተማ ደግሞ በ1972 እና በ1973 የተወለዱ አንድ ሺህ ያህል ሰዎች ከሕጻንነታቸው ጀምሮ እየተጠኑ አድገዋል። በ2011 የወጣው ውጤት በልጅነታቸው ራሳቸውን መግዛት ይሻላቸው የነበሩት በ32 ዓመታቸው በጤናም፣ በገንዘብ አያያዝም፣ ከሕግ ጋር ባለመጋጨትም የተሻሉ ሆነው እንደተገኙ ያሳያል። ይህን የጠቀስነው ማንንም ለማስደንገጥ አይደለም፤ በዚያው ጥናት ራሳቸውን መግዛት በዕድሜ እየተማሩ የተሻሻሉም ነበሩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ቶሎ ማለት አለብን፤ ይህን ያነበበ አንዳንድ ሰው ቀበቶ መፈለግ ይጀምራልና። እኛ ራሳችን ያደግነው በኩርኩምና በአለንጋ ነው። በርበሬ የታጠነ፣ ጆሮው የተጎተተ፣ ተንበርክኮ የዋለ ትውልድ ነን። ልል የሆንበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። ገና ልጁ ሳይወለድ «እኛ የደረሰብን አይደርስበትም» ብለን ማልን። መሐላው ጥሩ ነበር፤ ግን ዱላውን ስንጥል «አይሆንም» የሚለውን ቃልም አብረን ጣልነው። ሁለቱ አንድ መስለውን ነበር። የተደበደበ ልጅም ንዴቱን መግራት አልተማረም እኮ። የተማረው መደበቅ ነው፤ ወይም ከእሱ የሚያንስ ሰው እስኪያገኝ መጠበቅ። ብዙዎቻችን ይህን ዛሬ በትልቅነታችን፣ በተለይ ከዐስር ሶላት በኋላ ሆድ ባዶ ሲሆን፣ በራሳችን ላይ እናየዋለን።

በእስልምና ልጅ አያያዝ ላይ ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለሕጻናት የነበራቸው ርኅራኄ ነው። ሊነሳም ይገባዋል። ነሳኢ በዘገቡት ሐዲስ በአንድ ሶላት ላይ ሱጁዳቸውን እጅግ አስረዘሙ፤ ሰሐቦች አንድ ነገር የተፈጠረ መስሏቸው ሲጠይቋቸው፣ ልጃቸው (የልጅ ልጃቸው ሐሰን ወይም ሑሰይን) ጀርባቸው ላይ ወጥቶ እንደነበርና ሳይጠግብ ሊያስቸኩሉት እንዳልፈለጉ ነገሯቸው። ጀመዓ እያስጠበቁ! ይህን ሐዲስ ስንሰማ ደስ ይለናል፤ ልጅ ለማቅበጥም ማስረጃ አድርገን እንይዘዋለን።

ከዚሁ ቤት የሆነ ሌላ ዘገባ ግን አለ፤ ቡኻሪም ሙስሊምም ዘግበውታል። የቴምር ምርት በሚሰበሰብበት ወቅት ለሰደቃ የመጣ ቴምር ተከምሮ ነበር። ትንሹ ሐሰን አንዷን አንስቶ አፉ ውስጥ ከተተ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እንዲተፋት አደረጉት፤ ለሕጻን በሚገባው ድምፅ። ከዚያም ምክንያቱን ነገሩት፤ እነሱ የሰደቃ ምግብ እንደማይበሉ። አንዲት ቴምር ናት። ልጁ ሕጻን ነው። ማንም «ምን አለበት፣ ልጅ ነው» ሊል ይችል ነበር። ሱጁድ ላይ ጀርባቸውን የሰጡት አያት ቴምሯን አልሰጡትም። አልመቱትም፣ አልጮኹበትም፣ ዝምም ብለው አላለፉትም። የከለከሉት ሳይቆጡ ነው፣ ለምን እንደተከለከለም ነግረውታል። ባውምሪንድ በሁለተኛ ተራ ያስቀመጠችውን ቤት ለማየት ለሙስሊም ቤተሰብ ብዙ መራቅ አያስፈልገውም።

ለረመዳን ይበልጥ የሚቀርበን ደግሞ የሩበይዕ ቢንት ሙዐዊዝ (ረ.ዐ) ዘገባ ነው። የዐሹራ ጾም በታዘዘ ጊዜ የመዲና እናቶች ትንንሽ ልጆቻቸውንም ያስጾሙ ነበር። ልጁ ምግብ ብሎ ሲያለቅስ ከሱፍ የተሠራ መጫወቻ ይሰጡታል፤ እስከ ማፍጠሪያው ሰዓት በዚያ ያቆዩታል። ይህን ሐዲስ ስንት ጊዜ ሰምተነዋል። ዘንድሮ ግን የእናቶቹን ሥራ ልብ ብለን አየነው። ልጁ አለቀሰ፤ በማልቀሱ አልተቆጡትም። ምግቡንም አልሰጡትም። ሱፍ ገዝተው ወይም ከበግ ሸልተው፣ ፈትለው፣ ጠቅልለው፣ ለዚያች የለቅሶ ሰዓት አስቀድመው መጫወቻ አዘጋጅተዋል። ለቅሶው እንደሚመጣ ያውቁ ነበርና። (ስልክም መጫወቻ አይደለም ወይ የሚል አይጠፋም፤ እኛም ብለን ነበር። ልዩነቱ የሱፍ መጫወቻዋ በምትከለከለው ነገር ምትክ የተሰጠች መሆኗ ነው። የእኛ ልጅ የሚያለቅሰው ግን ለስልኩ ራሱ ነው፤ ስልኩን ስንሰጠው እንባውን እየከፈልነው ነው።) ልጅ ከመድረሱ በፊት ጾም ግዴታ እንደሌለበት ሁላችንም እናውቃለን። እናቶቹ ያለማመዷቸው ነገር ጾሙን ብቻ አልነበረም፤ ፈልጎ መቆየትንም ጭምር ነው።

ልልነት ከዱላ ጥላቻ ብቻ አይመጣም። ከድካም ይመጣል፤ ቀኑን ጾሞ፣ ሥራ ውሎ፣ በታክሲ ሰልፍ ቆሞ የመጣ ሰው ከአንድ ሕጻን ጋር የሚታገልበት ጉልበት የለውም። ከሁሉ ከባዱ ግን ከጸጸት የሚመጣው ነው። በወሎም በጅማም በአርሲም እናታቸው ጂዳ ወይም ዱባይ ወይም ኩዌት ሆና በአያት እጅ የሚያድጉ ልጆች ብዙ ናቸው። እናት ከሰው ቤት ሥራ ሰርቃ በኢሞ ትደውላለች። ልጁ ብስክሌት ይላል፣ ታብሌት ይላል፣ አያቴ ከለከለችኝ ይላል። ምን ትበለው? በዓመት ውስጥ ልትሰጠው የምትችለው ብቸኛ ነገር «እሺ» ነው። አያትም በበኩሏ «እናቱ ሩቅ ያለችበትን ልጅ እንዴት ላስለቅስ» ትላለች። ሁለት የሚወዱት ሴቶች መካከል ሆኖ «አይሆንም» የሚለው ሰው ያጣል። እነዚህን እናቶች የሚወቅስ ሰው ቢኖር እኛ አብረነው አይደለንም። ግን እናትና አያት ከልጁ ጆሮ ርቀው፣ በሳምንት አንድ ጊዜ እንኳ ለብቻቸው ተነጋግረው፣ በሦስት ነገር ላይ ቃላቸውን አንድ ቢያደርጉ ለልጁ ከብስክሌቱ ይበልጥበታል። በስልኩ ማዶ ያለችው እናት «አያትህ ያለችው ነው» ስትል ልጁ ሊያለቅስ ይችላል። ሁለቱም እንደሚይዙት ግን ያውቃል።

ስለ ቃል ካነሳን፣ ስለ ማቆየት የተጠና አንድ ነገር እንጥቀስ። ዋልተር ሚሼል የተባለ ተመራማሪ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ መዋዕለ ሕጻናት ያደረገው የማርሽማሎው ሙከራ ለብዙ ሰው አዲስ አይደለም። ልጁ ፊት አንድ ጣፋጭ ይቀመጥና «ሳትበላ ከጠበቅህ ሁለት ይሰጥሃል» ይባላል። የጠበቁት ልጆች ቆይተው በትምህርት ተሻሉ ተብሎ ዓለም ሁሉ አወራው። በ2018 ጥናቱ በብዙ ልጆች ላይ ሲደገም ግን የቤተሰቡ ኑሮ ሲታሰብ ልዩነቱ በጣም አነሰ። ለእኛ የሚበልጠው በመካከል፣ በ2013፣ የታተመው የሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ ከሙከራው በፊት ለግማሾቹ ልጆች የተሻለ የሥዕል ቀለም እናመጣለን ብለው አመጡላቸው፤ ለግማሾቹ ቃል ገብተው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ከዚያ ጣፋጩ ቀረበ። ቃል የተጠበቀላቸው ልጆች በአማካይ 12 ደቂቃ ያህል ጠበቁ። የተዋሹት 3 ደቂቃ። ልጆቹ ተመሳሳይ ነበሩ። ልዩነቱ ያለው ትልቁ ሰው ላይ ነው፤ ቃሉ የማይታመን ሰው ፊት መጠበቅ ሞኝነት እንደሆነ የአራት ዓመት ልጅ ያውቃል።

አቡ ዳውድ የዘገቡት የዐብደላህ ኢብኑ ዓሚር ሐዲስ እዚህ ይመጣል። እናቱ «ና፣ እሰጥሃለሁ» ብላ ስትጠራው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ምን ልትሰጪው ነው ብለው ጠየቋት። ቴምር አለች። ምንም ባትሰጪው ኖሮ ውሸት ሆኖ ይጻፍብሽ ነበር አሏት።

እኛ ሙስሊም ወላጆች በዚህ ላይ ልናፍርበት የሚገባ የራሳችን ልማድ አለን። ልጅ ብስክሌት ሲል «ኢንሻአላህ»፤ ለኢድ መናፈሻ እንሂድ ሲል «ኢንሻአላህ»። ትልቅ ቃል ነው፤ እኛ ግን «አይሆንም» ማለት ስለፈራን የምንደበቅበት አደረግነው። የእኛ ልጅ አንድ ቀን ምን አለ? «ኢንሻአላህ አትበሉኝ፣ እውነቱን ንገሩኝ።» ያን ቀን ስቀን ነበር።

ከዚያች ሌሊት በኋላ ያደረግነው ብዙ አይደለም። በቀኑ፣ ልጁም ሳይርበው እኛም ሳንዝል፣ ከዙህር በኋላ አስቀምጠን ነገርነው። ስልክ ከዐስር በኋላ ሃያ ደቂቃ ይሰጥሃል፤ በማፍጠሪያ ሰዓት ስልክ የለም፤ ቴምሩን ለሁሉም የምታድለው አንተ ነህ። ይኸው ነው። «አይሆንም» የምንልባቸውን ነገሮች ቀነስናቸው፤ የማንጸናበትን «አይሆንም» ከማለት በመጀመሪያውኑ መፍቀድ ይሻላል ብለን። ቀይ ካልሲና ሰማያዊ ካልሲ ላደርግ አለ፤ አደረገ። አያቱን ማሳመን ከልጁ ይልቅ ከበደን። የልብ አዛኝ ናቸው፤ «እኔ ልጅ ሲያለቅስ አላይም» አሉ። «እማማ፣ ስልክ አይስጡት እንጂ እቅፍ ያድርጉት፣ ማቀፍ አልተከለከለም» አልናቸው። ይህን ወደዱት።

የመጀመሪያው ቀን ከቀድሞው የባሰ ነበር፤ ሁለተኛውም። ይህን አስቀድሞ አለማወቅ ብዙ ወላጆችን ያሸንፋል። ትናንት የሠራው ለቅሶ ዛሬ ሲከሽፍ ልጁ የሚያስበው ያነሰ መስሎት ነው፤ ስለዚህ ይጨምራል። በዚያ ጭማሪ መካከል እጅ የሰጠ ወላጅ፣ ሳይጀምረው ቢቀር ይሻለው ነበር። እኛም በሁለተኛው ቀን ልንሰጥ ስልኩን ከኪስ አውጥተን ነበር። በዚህ ላይ ጾም ነው፤ ትዕግሥታችን አልቋል። አንዳችን ጮኽን። ጾመኛ ሲሰደብ «እኔ ጾመኛ ነኝ» እንዲል ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ማስተማራቸውን የምናውቅ ሰዎች፣ በስድስት ዓመት ልጅ ላይ ጮኽን። ልጁ ደንግጦ ዝም አለ፤ ያ ግን ንዴትን መግራት አልነበረም። ፍርሃት ነው። ከመግሪብ በኋላ ይቅርታ ጠየቅነው። አንዳንድ ዘመድ «ልጅን ይቅርታ መጠየቅ ደግሞ ከየት የመጣ ነው» አለ። እኛ ግን የተናደደ ሰው ተመልሶ እንዴት እንደሚረጋጋ ከእኛ ካላየ ከየት ሊያየው ነው ብለን አሰብን።

በሦስተኛው ቀን አዛኑ ሊደርስ አስር ደቂቃ ሲቀረው ጀመረ። አንዳችን ከምድጃው ተነስተን አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጥን። «ስልኩን ፈልገህ ነበር፣ ተናደድህ፤ አውቃለሁ» ከማለት በቀር ምንም አልተናገርንም፤ የተናደደ ልጅ ምክር አይሰማም። በግድግዳው ሰዓት ሰባት ደቂቃ አለቀሰ። አያቱ ሁለት ጊዜ ሊነሱ ከወገባቸው ቀና ብለው ሁለት ጊዜ ተቀመጡ፤ መቁጠሪያቸውን ሲያፈጥኑ ይሰማል። ሳምቡሳው አንድ ዙር አረረ። ከዚያ ለቅሶው ወደ ንፍርቅታ፣ ንፍርቅታው ወደ ረጅም ትንፋሽ ወረደ። ማንም ምንም አልሰጠውም። ፊቱን በእጅጌው ጠረገና «ነገስ?» አለ።

«ነገ ከዐስር በኋላ ሃያ ደቂቃ።»

«ኢንሻአላህ ነው ወይስ እውነት?»

«እውነት።»

ተነስቶ የቴምሩን ሳህን ያዘ። ለአያቱ ሦስት ሰጠ፣ ለእኛ አንድ አንድ።

በማግስቱ ዐስር ተሰግዶ ገና ሳናጠፈው የመስገጃው ጫፍ ላይ ቆሞ ጠበቀን። ሥራ ነበረብን፤ ሊጡ እየጠበቀ ነው፣ ስልኩም እየጠራ ነበር። ደዋዩን «ከሃያ ደቂቃ በኋላ እደውላለሁ» አልነውና ስልኩን ለልጁ ሰጠነው።